አንድ የቡና መጋዘን አትርፉልን
ለጅማ ከተማ አስተዳደር፣ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ እና ለጅማ ሰው ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

አካም ጂርቱ። ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የቡና መጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ጅማ ተወልጄ ጅማ አርጅቻለሁ። ከ1976 እስከ 2008 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ ውስጥ ቡና ስመዝን፣ ስመዘግብ፣ ሳስጭን ኖርኩ። በእጄ ያለፈውን ጆንያ ልቁጠረው ብል አልጨርሰውም። የዚያ ሁሉ ጆንያ መጨረሻው ባሕር ነበር። መጀመሪያ በአሰብ፣ በኋላ በጅቡቲ። እኔ ግን ባሕርን በዓይኔ ያየሁት ከጡረታ በኋላ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ያን ጊዜ ባሕር ዳር ስላየሁት አንድ ቤት ነው።

ልጄ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ትኖራለች። በ2015 ዓ.ም. ስትወልድ ከባለቤቴ ጋር አራስ ልንጠይቅ ሄድን። ጥር ወር ነበር። ገንፎው ተገነፋ፣ ልጁ ታጠበ፣ ዘመድ መጣ ሄደ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ልጄ «አባዬ፣ የምታውቀው ዓይነት ቤት ላሳይህ» አለችኝ። «ፓስፖርታችሁንም ያዙ» አለች። ፓስፖርቱ ለምን እንዳስፈለገ በር ላይ ስንደርስ ገባኝ። ረቡዕ ጠዋት ለአፍሪካ አገር ዜጎች መግቢያው ነፃ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት አሳይቼ «ግባ» ተባልኩ። በሕይወቴ ፓስፖርቴ በር የከፈተልኝ ያን ቀን ነው።

ቤቱ ወደቡ ዳር ነው። ከሩቅ ሲያዩት የደረቀ ግራጫ ኮንክሪት ነው። ከላይ ያሉት መስኮቶች ግን ወደ ውጭ ያበጡ ናቸው፤ ትራስ ይመስላሉ። ልጄ «ይሄ ድሮ የእህል ጎተራ ነበር» አለችኝ። በ1924 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ያለቀ ጎተራ ነው። ከመሃል አገር በባቡር የመጣው እህል እዚያ ይራገፋል። ወደ ላይ ይወጣል፣ ይመዘናል፣ ይከማቻል፣ መርከብ ሲመጣ ይጫናል። ቁመቱ 57 ሜትር ነው። በዘመኑ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ከእሱ የሚረዝም ሕንፃ አልነበረም። በኋላ የኮንቴይነር ጭነት መጣና ጎተራው ሥራ ፈታ። ለዓመታት ባዶውን ቆመ።

ማራገፍ፣ መመዘን፣ ማከማቸት፣ መጫን። ይህ የእኔ ሥራ ነው። ስለ ሥዕል አላውቅም ነበር፤ ስለ መጋዘን ግን አውቃለሁ። ስለዚህ በሩን አልፌ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሥዕሉን ሳይሆን ግድግዳውን ነው።

የጎተራው ሆድ 42 የኮንክሪት ቱቦዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው 33 ሜትር ይረዝማሉ። ተጠጋግተው፣ እንደ ንብ ቀፎ ተያይዘው የቆሙ ናቸው። ሄዘርዊክ የሚባለው የእንግሊዝ ንድፍ ቡድን ቤቱን ሲረከብ ሊያፈርሰው ይችል ነበር። አላፈረሰውም። አንዲት የበቆሎ ፍሬ ወሰዱ። የፍሬዋን ቅርጽ ለኩ፤ ከዚያ ብዙ ፎቅ እስኪያህል ድረስ አሳደጉት። ቱቦዎቹንም በዚያ ቅርጽ ከውስጥ ፈለፈሏቸው። መሃል ላይ ስትቆም አንዲት ግዙፍ ፍሬ ውስጥ የቆምክ ያህል ነው። ኮንክሪቱ የተቆረጠበት ጠርዝ ተወልውሏል፤ የመቶ ዓመት ጠጠሩ ያበራል። ብርሃኑ ከላይ፣ ከቱቦዎቹ አፍ ይወርዳል።

ቆሜ ቀረሁ። ሰዎቹ ቤቱ የያዘውን ነገር አልረሱም። በቆሎ ያኖረ ቤት ነው፤ በበቆሎ ቅርጽ ከፈቱት። እኔም ወዲያው ያሰብኩት ጅማን ነው። የእኛስ ቤት ቢፈለፈል በምን ፍሬ ቅርጽ ይፈለፈል ነበር? መልሱን የጅማ ሕፃን ያውቀዋል።

ይህ ቤት ዛሬ ዛይትስ ሞካ ይባላል። የአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። የተከፈተው መስከረም 2010 ዓ.ም. ነው። ስሙን ያገኘው ሥዕሎቹን ሰብስቦ ካበደረው ዮኸን ዛይትስ ከሚባል ጀርመናዊ ባለሀብት ነው። የአፍሪካ ሙዚየም በአንድ ሀብታም አውሮፓዊ ስብስብ ላይ መቆሙ ሲከፈት ያስተቸው ነገር ነበር። ትችቱ ትክክል ይመስለኛል፤ እኛም ልንማርበት ይገባል። ቤቱን በእውነት ያቃናችው በ2019 እ.ኤ.አ. ዳይሬክተር ሆና የመጣችው ካሜሩናዊቷ ኮዮ ኩዎ ናት ይላሉ የሚያውቁት። ይህች ሴት በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. በድንገት አረፈች። ዜናውን ስሰማ እንደማውቃት ሰው አዘንኩ። እኔና ባለቤቴ ያየነው ዐውደ ርዕይ እሷና ባልደረቦቿ ያዘጋጁት ነበርና።

የዐውደ ርዕዩ ስም «ራሳችንን ስናይ» እንደ ማለት ነው። ከ150 በላይ ጥቁር ሠዓሊዎች በመቶ ዓመት ውስጥ የሣሉት ሰው፣ ሰው፣ ሰው ብቻ። ጦርነት አልነበረበትም። ረሃብ አልነበረበትም። ክፍሎቹ በኑሮ ተከፍለዋል። አንዱ የየዕለት ኑሮ ነው። አንዱ ደስታና ጭፈራ። አንዱ ዕረፍት፤ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጋደም ማለት። አንዱ መንፈሳዊነት። ሙዚቃም በየክፍሉ ይሰማል። ይህ ዐውደ ርዕይ በኋላ ወደ ባዝልና ወደ ብራስልስ ሄዶ አውሮፓውያን ተሰልፈው አይተውታል።

አሁን ስለ ባለቤቴ ልንገራችሁ። እሷ ቡና ለቃሚ ነበረች። የተገናኘነውም መጋዘን ውስጥ ነው። ያን ዘመን የምታስታውሱ ታውቃላችሁ። ሴቶቹ በረድፍ ይቀመጣሉ። ሰፌድ ጭን ላይ ነው። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ብል የበላውን ፍሬ በጣት እየለቀሙ ያወጣሉ። ጣታቸው ከዓይናቸው ይፈጥናል። አንዷ ዘፈን ታነሳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አንዳንዱ በኦሮምኛ ነው፣ አንዳንዱ በአማርኛ፣ አንዳንዱ በከፍኛ። ስንት ሺህ ሴት በዚህ ሥራ ልጅ አሳድጋለች! በጅማ አንድም ግድግዳ ላይ ግን የአንዷን ፊት አይቼ አላውቅም።

ባለቤቴ የየዕለት ኑሮ በሚለው ክፍል ውስጥ ቆመች። በዝግታ ከአንዱ ሥዕል ወደ አንዱ ሄደች። ሥዕል ለማየት የሄደች አትመስልም ነበር፤ የምታውቀውን ሰው የምትፈልግ ነው የምትመስለው። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ምንም» አለች። ትንሽ ቆይታ «እነዚህ ሰዎች እኮ ምንም አላደረጉም። ተቀምጠው ነው የተሣሉት። እንዲሁ ሰው ስለሆኑ» አለች። ማታ ቤት ገብተን ሻይ ስንጠጣ ደግሞ «እኛን ማን ይሥለን ይሆን?» አለች። ይህ ጥያቄ ይኸው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ጣሪያው ላይ ወጣን። የቱቦዎቹ አፍ በወፍራም መስታወት ተከድኗል። መስታወቱ ላይ የቶጎው ሠዓሊ ኤል ሎኮ የሠራቸው ምልክቶች አሉ፤ በላዩ ላይ ይኬዳል። ባለቤቴ እግሯን አላሳርፍም አለች። ከዚያ ላይ ሆኜ ነው ባሕሩን ቁጭ ብዬ ያየሁት። መርከቦቹን አየሁ። ከእነዚህ በአንዱ የጅማ ቡና ሳይጫን አይቀርም አልኩ በልቤ።

ስንወርድ አስጎብኚዋ ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። ልጄ አስተረጎመችልን። የቡና መጋዘን ሠራተኛ እንደነበርኩ ስትሰማ ወጣቷ ዓይኗ በራ። «ኢብራሂም ማሃማን ታውቀዋለህ?» አለችኝ። አላውቀውም። ነገረችኝ፤ ከዚያ ወዲህም ስለ እሱ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ይህ ሰው ጋናዊ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ታማሌ በምትባል ከተማ ተወለደ። የሚሠራው በጆንያ ነው። በኬሻ! ካካዎ የተጫነበትን፣ ኋላም ከሰል የተያዘበትን አሮጌ ጆንያ ይሰበስባል። በአሮጌው ምትክ አዲስ እየሰጠ ይለዋወጣል። ከብዙ ሰዎች ጋር እየሰፋ ያያይዘዋል። ከዚያ ትልልቅ ሕንፃዎችን ያለብስበታል። ጆንያው ላይ የነጋዴው ምልክት፣ የተሸካሚው ላብ፣ የመርፌው ስፌት እንዳለ ነው። የዓለም ትልልቅ ከተሞች ሕንፃ ይህን ኬሻ ለብሷል።

ይህን ስሰማ የተሰማኝን እንዴት ልግለጸው? እኔ በአንድ ጆንያ ስንት ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የለቀመው፣ ያደረቀው፣ የተሸከመው፣ የመዘነው። ጆንያ ሲያይ ይህን የሚያይ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር። ለካ አንድ ሰው ይህንኑ አይቶ ሕንፃ አልብሶበታል።

ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሃማ ሀብት ሲያገኝ ዋና ከተማ አክራ ላይ አልቀረም። ወደ ታማሌ ተመለሰ። ታማሌ የባሕር ዳር ከተማ አይደለችም፤ በአገሩ ሰሜን፣ ወደ ውስጥ ያለች የገበያ ከተማ ናት። እዚያ በ2019 እ.ኤ.አ. የሥነ ጥበብ ማዕከል ከፈተ። በክዋሜ ንክሩማ ዘመን ተጀምሮ የቀረ አሮጌ የእህል ጎተራም ገዝቶ ለጥበብ አዋለው። ልጆች እንዲገቡበት፣ እንዲማሩበት አደረገ። ስለዚህ «ኬፕታውን ሀብታም ናት፣ ባሕር አላት፣ ቱሪስት አላት፤ እኛ ምን አለን?» ለሚለኝ ሰው ታማሌን አሳየዋለሁ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ።

እኔ የሠራሁበት መጋዘን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራ አቆመ። የቡና ንግዱ መልክ ተለውጧል። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጣ፤ ርክክቡም ምዘናውም ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ይህን በክፋት አላነሳውም፤ ንግድ ይለወጣል። መጋዘኑ ሲዘጋ ግን ውስጡ ያለው ዕቃ ምን ሆነ? የድሮው የብረት ሚዛን ለቁራሌው በኪሎ ተሸጠ። ስንት ሚሊዮን ኪሎ የመዘነ ሚዛን ራሱ ተመዝኖ ሄደ። የመዝገብ ደብተሮቹ ለሱቅ መጠቅለያ ሆኑ። ለቃሚዎቹ የሚቀመጡባቸው በርጩማዎች ተማገዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ይህ ዛሬም ያሳፍረኛል። ዕቃው ዋጋ አለው ብሎ የነገረን ሰው ስላልነበረ ሳይሆን፣ እኔ ራሴ ስለማውቅና ዝም ስላልኩ ነው የሚያሳፍረኝ። ያተረፍኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጆንያ ላይ ምልክት የምንቀባበት፣ ፊደል የተፈለፈለበት ቆርቆሮ። «ጅማ» የሚለው ቃል ባዶ ሆኖ ተቆርጦበታል። በቀለም የተሞላ ጊዜ ብቻ ነው የሚነበበው።

ጅማ ጥበብ የላትም የሚል ካለ ጅማን አያውቃትም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ መደገፊያ፣ ባለ ሦስት እግር ወንበር የእኛ ነው። አንድ ምስማር የለበትም። የውጭ አገር ሰብሳቢዎች «የጅማ ወንበር» ብለው በስሙ ይጠሩታል፤ ይገዙታል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ ቆሟል፤ እንጨቱን የጠረቡት እጆች የእኛ አባቶች ናቸው። ከተማው መሃል ያለው ሙዚየማችንም የንጉሡን ዕቃ ይዟል። ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚህ ጅማ ነው። ይህ ሁሉ ያኮራል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የትናንት ነው። የዛሬው የጅማ ልጅ የሚሠራው ነገር የት ይታያል?

አዲስ አበባ ቦታ አለ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው ሙዚየም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አለ። መካኒሳ አካባቢ ዞማ ሙዚየም አለ፤ መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ ከጭቃና ከጭድ ያነጹት ውብ ግቢ ነው። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚለቅመውን አሮጌ የኮምፒውተር ሽቦ ጎንጉኖ ዓለም የሚያደንቀውን ሥራ ይሠራል። እኔ ከኬፕታውን ስመለስ ዞማን ሄጄ አይቻለሁ። ደስ ብሎኛል። ግን ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። አንድ የሂርማታ ልጅ ሥዕል ለማየት ይህን ያህል መንገድ መሄድ አለበት?

ጎረቤቴ ያለ አንድ ልጅ ላውራችሁ። ስሙን አልጠራም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀን ቀን ታፔላ ይጽፋል፤ የሱቅ በርና የባጃጅ ጀርባ ይቀባል። ማታ ማታ ኬሻ ላይ ይሥላል። ሸራ ውድ ነው፤ ኬሻ ግን ጅማ ሞልቷል። ቀለም ሲያልቅበት በቡና አተላ ይሥላል። ማንም አላስተማረውም። ስለ ማሃማ ስነግረው ብዙ ዝም ብሎ «ጋሼ፣ እንግዲያ አላበድኩም ማለት ነው» አለኝ።

ይህ ልጅና ጓደኞቹ አንድ ጊዜ ሥራቸውን ለሕዝብ ሊያሳዩ አዳራሽ ለመኑ። የማን አዳራሽ እንደሆነ መናገር አልፈልግም፤ ሰው ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ለሦስት ቀን ተፈቀደላቸው። ሃምሳ የሚሆን ሥዕል ገመድ ወጥረው ሰቀሉ። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት «ስብሰባ አለ፣ አንሱ» ተባሉ። ዝናብ ነበር። ሥዕሉን በላስቲክ ጠቅልለው በባጃጅ ሲያመላልሱ እኔ አብሬያቸው ነበርኩ። ስምንቱ ረጥቦ ተበላሸ። ልጁ ምንም አላለም። ለስድስት ወር ግን አልሣለም። የሰው ልጅ ምን ያህል ጊዜ እንደዚህ ይገፋና ይመለሳል?

ይህ ነው እንግዲህ ብዕር ያስነሳኝ። ሦስት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን አሁን የምጽፈው ደግሞ ከተማችን እየታደሰች ስለሆነ ነው። መንገዱ እየሰፋ ነው። የኮሪደር ልማቱ መጥቷል። አዌቱ ወንዝ ዳር ሲጸዳ አይቼ ደስ ብሎኛል። ሲታደስ ግን የሚፈርስ አለ። አሮጌ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ቤት ለብዙ ሰው ቆሻሻ ነው። እኔ የምለምናችሁ አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ከመፍረሱ በፊት ቆም ብላችሁ እንድታዩት ነው።

የቡና መጋዘን ለሥዕል የተሠራ ቤት ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሥራዬ ስለሆነ ልንገራችሁ። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ጆንያ ሲደረደር አየር እንዲያገኝ። ግድግዳው ወፍራምና ረጅም ነው፤ መስኮቱ ትንሽና ከላይ ነው። ፀሐይ ቡናውን አይመታም፤ ሥዕልንም አይመታም ማለት ነው። በሩ የጭነት መኪና ያስገባል፤ ትልቅ ሐውልት ቢመጣም አይቸግርም። መሃሉ ግድግዳ የለበትም። የጅማ ጠላት እርጥበት ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ቡና እርጥበቱ ከ12 በመቶ ካለፈ ይሻግታል። ስለዚህ ወለሉ ላይ የእንጨት ርብራብ እናነጥፋለን፣ ከግድግዳ እናርቃለን፣ በየቀኑ በር ከፍተን እናናፍሳለን። ወረቀትና ሸራም የሚፈልገው ይህንኑ ጥንቃቄ ነው። ይህን የሚያውቁ ጡረተኞች በከተማው ሞልተናል። ደሞዝ ሳይከፈለን እንሠራለን።

የኬፕታውኑ ሥራ ከፍተኛ ገንዘብ ፈጅቷል። ለእኛ ያ አያስፈልገንም። ጣሪያ የማይፈስ፣ ግድግዳ የተለሰነ፣ በቂ መብራት፣ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ ጥበቃ። ለመጀመር ይበቃል። የዩኒቨርሲቲው የአርክቴክቸር ተማሪዎች ለመመረቂያቸው ቤቱን ይለኩት፣ ይንደፉት። የቡና ነጋዴዎቻችን ለሠርግና ለመስጊድ፣ ለቤተ ክርስቲያን እጃቸው እንደማይታጠፍ አውቃለሁ፤ ለአባቶቻቸው መጋዘንም አይታጠፍም። ቤቱ ግን የማንም ግለሰብ ስም አይለጠፍበት። የከተማው ይሁን። ጽሑፉም በኦሮምኛና በአማርኛ ይሁን፤ ሁላችንም እናንብበው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። እዚያ ረቡዕ ነፃ ነው ብያችኋለሁ። እዚህ ሐሙስ ነፃ ይሁን። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ነው፤ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ገበያ። ከገጠር ማር ይዞ የመጣ ሰው፣ ቅቤ ሽጣ የምትመለስ እናት፣ ጫማ ሳትቀይር፣ ሳታፍር ገብታ ትይ። ዘንቢሏን የምታስቀምጥበት ቦታ በር ላይ ይኑር። ይህን ትንሽ ነገር አትርሱት። ብዙ ሰው ወደ እንዲህ ያለ ቤት የማይገባው ስለማይወድ አይደለም። ዘንቢሉን የት እንደሚያስቀምጥ ስለማያውቅ ነው።

«ውኃ በወጉ ሳይደርሰን፣ ሥራ አጥ ወጣት ሞልቶ፣ ሥዕል?» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። እኔም ቧንቧዬ ውኃ ሲያጣ እበሳጫለሁ። ግን የቧንቧው ብር ከሥዕሉ ብር ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ ለሥዕል ብር ተመድቦ አላየሁምና። ሥራ አጥ ስለሚባለው ወጣት ደግሞ፣ ያ ታፔላ የሚጽፈው ልጅ ሥራ አለው። ያጣው ሥራው የሚታይበት ግድግዳ ነው።

የተከበራችሁ የከተማችን ኃላፊዎች፣ ለመልስ የሚያስቸግር ነገር የጠየቅኳችሁ አይመስለኝም። በከተማው ውስጥ ስንት አሮጌ የቡና መጋዘን እንደቀረ ይመዝገብ። ከነዚያ አንዱ እንዳይፈርስ ይወሰን። እስኪታደስ ድረስ እንኳ ቁልፉ ለወጣቶቹ ለአንድ ወር ይሰጣቸውና ሥራቸውን ይስቀሉ፤ በመሃል «አንሱ» የሚላቸው ሳይኖር። መዝገቡን ለማዘጋጀት ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ። ከፈረንጅ አራዳ እስከ መንደራ የትኛው መጋዘን የማን እንደነበረ፣ የቱ ምን ያህል ፈረሱላ እንደሚይዝ በቃሌ እነግራችኋለሁ። ዕድሜዬ እየገፋ ስለሆነ ቶሎ ብትጠሩኝ መልካም ነው።

ለጅማ ሰዎችም ልመና አለኝ። ቤታችሁ ውስጥ የድሮ ሚዛን፣ የለቃሚ ሰፌድ፣ የመጋዘን ፎቶ፣ የአባታችሁ የጭነት ደብተር ካለ ለቁራሌው አትስጡ። አቆዩት። እናታችሁ ቡና ለቃሚ ከነበረች ዘፈኖቹን በስልካችሁ ቅዱላት። ባለቤቴ አሥራ አንዱን ታስታውሳለች፤ የአንዱ ሁለተኛ ስንኝ ጠፍቷታል፤ የሚያውቅ ካለ ይንገራት።

ቆርቆሮውን ለሚከፈተው ቤት እሰጣለሁ። እስከዚያው ግን ለጎረቤቴ ልጅ አውሼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ትልቅ ኬሻ ዘርግቶ፣ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ሲለቅሙ ሥሎ አሳየን። ጥግ ላይ «ጅማ» ብሎ በቆርቆሮው ቀብቶበታል። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ ተጠግታ አየችው። ከግራ ሦስተኛዋን በጣቷ ነካችና «እጇ ልክ አይደለም፤ ሰፌዱ እንደዚህ አይያዝም» አለችው። ልጁ እርሳሱን አነሳ። እሷም ተቀምጣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አደረገችና አሳየችው።

ሥዕሉ አሁን የኛ ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። የሚሰቀልበት ቦታ ስለሌለ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የቡና መጋዘን ሠራተኛ
ጅማ